ስልኬን ያጠፋው ባጃጁ አልነበረም

ስልክሽን የሚያጠፋው ባጃጁ ነው ያሉኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እናቴና ስልክ ጠጋኙ። ሦስቱም ተሳስተው ነበር። እስከ ዛሬ ግን አንዳቸውም «ተሳስቼ ነበር» አላሉኝም። ስለዚህ እኔው ልናገረው።

ባጃጁን የገዛሁት ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ባመጣሁት ገንዘብ ነው። ቆቦ ስመለስ ያገኘኝ ሁሉ ሱቅ ክፈቺ አለኝ። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ግድግዳ መሀል ከርሜ ነበርና ደግሞ ባንኮኒ ኋላ መቀመጥ አላማረኝም። መንዳት ነው የፈለግሁት። ወልድያ ተመላልሼ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ተራ ገባሁ። ያኔ ተራው ላይ ሴት ሹፌር እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ሲቆይ ለመዱኝ። ያልለመደኝ ወንድሜ ብቻ ነው። ባጃጄን አስፋልቱ ላይ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር።

ሥራዬ አብዛኛው በስልክ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ በሽተኛ የያዙ ሴቶች፣ ከሮቢት ገበያ ዕቃ ይዘው የሚገቡ ነጋዴዎች ከማያውቁት ወንድ ይልቅ እኔን ይመርጣሉ፤ ደውለው ይጠሩኛል። ስልኬ ከተዘጋ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው።

አንድ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ካለ ሆቴል ፉል እየበላሁ ዋይፋይ ከፈቱልኝ። ስልኬ አፕዴት አድርጊኝ እያለ ሲነዘንዘኝ፣ እኔም ስገፋው ሳምንታት አልፈው ነበር። ያን ቀን እሺ አልኩት። ሻዬን ሳልጨርስ ጨረሰ፤ መልኩም አምሮ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር እያወራሁ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው በራሱ በራ። ከዚያ በኋላ በቀን አራቴም አምስቴም እንዲህ ሆነ፤ መቼ እንደሚጠፋም አይታወቅም።

ከደንበኞቼ አንዷ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። እኩዮች ነን፤ ግን ሁሉም «ቲቸር» ስለሚላት እኔም እንዲሁ እላታለሁ። አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማይታዘዛት በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ጠዋት ስትደውልልኝ ወስጄ ትምህርት ቤቷ አደርሳታለሁ። አንድ ጠዋት ሳትደውልልኝ ረፈደ። ስልኬን ሳይ ለካ ጠፍቶ ኖሮ ገና እየበራ ነው። ወደ ቤቷ ስበር ግማሽ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ በዚያ በቆቦ ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ፣ በምርኩዟ እየተራመደች። ላቧ በአገጯ ይወርዳል።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ስልኬ...»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ» አለችኝ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእሷ ትምህርት ቤት በቀጥታ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። ስልኬን አገላበጠና በበሩ አሻግሮ ባጃጄን አየ።

«በዚህ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ? ቀኑን ሙሉ ሲናጥ ውሎ ውስጡ ላልቷል። ሴት ልጅ ደግሞ...» አለና ሳይጨርሰው ተወው። «ፍላሽ ይደረግ። እሱም ካልሆነ አዲስ ግዢ።»

«ፍላሽ ሲደረግ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ?»

«ሁሉም ይጠፋል።»

«የወንዶቹ ሹፌሮች ስልክስ አይናጥም?»

«እሱን እኔ አላውቅም» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ስልኬን ከባንኮኒው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ወንድሜ ከእናቴ ጋር ምሳ ቀርቦ ጠበቀኝ። የሆነውን ስነግራቸው ደስ ያለው መሰለኝ።

«አላልኩሽም?» አለኝ። «ዕቃው ያልቻለውን አንቺ ልትችዪው ነው? ጎብዬ ባጃጁን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ይዤው እመጣለሁ።»

እናቴም እንጀራውን እየቆረሰች «ልጄ፣ ስልኩ እንኳ እምቢ አለሽ እኮ» አለች።

«ወንድምዓለም፣ ሰውየውን በከንቱ አታድክመው» አልኩና ሳልበላ ተነሣሁ።

ተናድጄ ነበር። ንዴቴ ግን ጠቀመኝ። ባጃጅ ሲያስቸግር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይበታትኑትም። መጀመሪያ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አያለሁ፤ እሱ ካልሆነ ወደ ነዳጁ እሄዳለሁ፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካም። ስልኩንም እንዲያው ለማድረግ ቆረጥኩ። አንድ ደብተር ባጃጁ ውስጥ አስቀመጥኩና በጠፋ ቁጥር የት እንደነበርኩና ምን እያደረግሁ እንደነበር መጻፍ ጀመርኩ። ቻርጀሩን በሌላ ቀየርኩ፤ ጠፋ። ባትሪውን አውጥቼ ጠርጌ መለስኩ፤ ጠፋ። ሲሙን አወጣሁ፤ ያለ ሲምም ጠፋ። የመዝሙሩንም የጨዋታውንም አፕ፣ የጫንኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ እሱም አልሆነም።

የቀረው መናጡ ነበር። በማግስቱ መምህሯ ስትሳፈር ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ቲቸር፣ ዓይንሽን ከሱ እንዳታነሺ። ሲጠፋ ንገሪኝ።»

ወደ ትምህርት ቤቷ የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ነው። ሌላ ቀን ድንጋዩን እየሸሸሁ እነዳ ነበር፤ ያን ቀን ድንጋይ ድንጋዩን መረጥኩ።

«አለ?» ብዬ እጮኻለሁ።

«አለ!»

ጉድጓድ ገብተን ወጣን። «አሁንስ?»

«እሱ አለ! እኔ ነኝ የሌለሁት!» አለች፤ በሳቅ ፍርስ ብላለች።

ስልኩ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አንዴም አልጠፋም። ሞተሩን አጥፍቼ ጥላ ሥር ቆምን። መምህሯ ከመውረዷ በፊት «እስኪ የዓረብ አገር ፎቶዎችሽን ልይ» ብላ ነካ ስታደርገው፣ ምንም ሳይነቃነቅ ድርግም አለ።

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁም! ፎቶ ልከፍት ብዬ ነው» አለች ደንግጣ።

ደብተሬን አወጣሁ። ፎቶ ስከፍት ጠፋ። ዘፈን ስከፍት ጠፋ። በቴሌግራም ፎቶ ሲመጣልኝ ጠፋ። በጽሑፌ ላይ ጣቴን እየጎተትኩ ወረድኩ። ፎቶውም ዘፈኑም የሚቀመጠው ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ስልክ ጠጋኙ ክዳኑን እንኳ ከፍቶ አላየውም ነበር። እዚያው ጥላ ሥር ክዳኑን ከፈትኩና ካርዷን በጥፍሬ ስቤ አወጣኋት።

ያን ቀን አልጠፋም። በማግስቱም አልጠፋም። በአራተኛው ቀን ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ እርግጠኛ መሆን ፈለግሁና ካርዷን መልሼ ከትቼ ፎቶ ከፈትኩ። ድርግም! በደስታ ስጮኽ ተራ አስከባሪው የተጋጨሁ መስሎት ሮጦ መጣ። ለምን ከአፕዴቱ በኋላ እንደጀመረ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ምናልባት ካርዷ ድሮም ታማ ነበር፤ ስልኩ ደግሞ ከታደሰ ወዲህ በየሰዓቱ ይጎረጉራት ይሆናል።

ካርዷን ይዤ ስልክ ጠጋኙ ጋ ተመለስኩ።

«ችግሩ ይቺ ናት» አልኩት።

«አጋጣሚ ነው» አለ።

«እንግዲያ የራስህ ስልክ ውስጥ ክተታት።»

ካርዷን አየ፤ ስልኩን አየ፤ ቀስ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ሳቁ። በኮምፒውተሩ የሚወጣውን እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት፤ ክርክሩን ትቶ ሠራልኝ። ግማሹ ፎቶ ወጣ፤ ግማሹ አልወጣም። ካልወጡት ውስጥ ዓረብ አገር በዕረፍት ቀናችን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የተነሣነው አለ። ከእነሱ አንዷ የት እንደደረሰች ዛሬም አላውቅም። እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም፤ ግን ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

እሁድ ወንድሜ የጎብዬውን ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ጎማውን በእግሩ መታ መታ ማድረግ ሲጀምር ከቤት ወጣሁ።

«ጌታዬ፣ በከንቱ ደከሙ፤ ባጃጁ አይሸጥም።»

«ስልክሽ ሲጠፋ እየዋለ ማን ይጠራሻል?» አለ ወንድሜ፣ ሰው ፊት።

«ስልኬ ድኗል፤ እኔ ነኝ ያዳንኩት። ባጃጁም የእኔ ነው። የሚሸጠው እኔ የፈለግሁ ቀን ነው፤ እስካሁን አልፈለግሁም።»

ሰውየው ወንድሜን ታዝቦ ሄደ። ወንድሜም ሳይሰናበተን ተከተለው፤ ሳምንት ያህል ቤት ድርሽ አላለም። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዋጃ ያለች ዘመዳችን ሞተች። እናቴ ባጃጄ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራ አታውቅም ነበር። ያን ጠዋት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ መጣችና ሳትጠይቀኝ ከኋላ ገባች። መንገዱን ሁሉ ብረቱን በሁለት እጇ እንደጨበጠች «ቀስ በይ» ስትለኝ ደረስን። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት አሮጊት «እንዲህ በጠዋት በምን መጣሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ልጄ አመጣችኝ» አለች።

«የማን ባጃጅ አግኝታ?»

«የራሷን» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።