ባልቴቲቱ አንድ ዓመት የሞላቸው ዕለት

ዚቡዪሌ ምቹኑ በፒተርማሪትዝበርግ ከተማ ለአንድ የቀብር ማኅበር የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጽፍ ፀጉሯ ሸብቷል። ሥራዋ ንጹሕ ነበር፤ ስለ ሥራዋ መናገር ማብዛቷ ግን የሚመሰገን አልነበረም። የምትኮራበት የመረጃ ቋት አንዱን ቤተሰብ በየሰንጠረዡ አይበታትንም። አንድ ቤተሰብ አንድ መዝገብ ነው፤ በስም ቦታ የሁሉም ስም፣ በልደት ቦታም የሁሉም ልደት በተርታ ይደረደራል። ሁለት ልጅ ላለውም፣ ቤቱ በልጅ ለሞላውም ያው ቦታ ይበቃዋል። ቋቱ የሚያውቃቸው ቃላት ዝርዝር አዲስ ቃል ስለማይገፋም፣ ጸሐፊዎቹ የሚፈልጉትን በዙሉኛ ይጠይቁታል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሩበን ጎቨንደር ግን ቋቱ አርጅቷል ባይ ነው። ይቆይ ወይስ ይለወጥ የሚለው ለዓርብ ተቀጥሯል።

ሐሙስ ጠዋት ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ አዛውንቱ ባባ ኩዝዋዮ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ።

«ማምቹኑ፣ እናቴን ምን አደረጋችኋት?» አሉ ዚቡዪሌን በአባቷ ስም በአክብሮት ጠርተው።

«ምነው ባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ከማኅበራችሁ በስልኬ የልደት መልእክት መጣላት፤ ‹እንኳን ለአንደኛ ዓመት ልደትዎ አደረሰዎ› ይላል። ጥርሷ ማለቁን ማን ነገራችሁ?»

ጸሐፊዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳዴ የሚለው የልጅ ልጄ ሰማንያ ደፈነ ተባለ። ምርኩዝ ልግዛለት?»

ዚቡዪሌ መዝገቡን ከፍታ አየች፤ ስሕተቱ የራሷ ነበር። የባባ ኩዝዋዮ አጎት ሲያርፉ ስማቸውን ከተርታው አውጥታ፣ ልደታቸውን ረስታ ትታዋለች። ከእሳቸው በታች ያለው ስም ሁሉ አንድ ቦታ ከፍ ሲል ልደቶቹ ባሉበት ስለቀሩ፣ ሕፃኑ የሟቹን፣ ባልቴቲቱም የሕፃኑን ዕድሜ ለበሱ።

በጸጥታ አርማ ማለፍ ትችል ነበር። በስልክ ድርጅቱ ብታሳብብም የሚጠረጥራት የለም፤ ነገ ዓርብ ነው። የሠራነውን በጎ ነገር ስማችንን ጠርተን እናወራለን፤ ጥፋታችንን ግን ለማሽን እንሰጣለን። እሷም ለአፍታ ይህን ተመኘች። ከዚያ ተነሥታ፣ ባባ ኩዝዋዮን አስከትላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ቋቱ ነው የተሳሳተው?» አለ ጎቨንደር ነገሩን ሰምቶ።

«እኔ ነኝ። እሱ ያዘዝኩትን ነው የሠራው።»

«ነገ ውሳኔ መሆኑን እያወቁ ነው የሚነግሩኝ?»

«እያወቅሁ።»

«የሌሎቹ ቤተሰቦችስ?»

«ሰው የወጣበትን መዝገብ ሁሉ አያለሁ። ከእንግዲህም ስም ሲወጣ ልደቱን ይዞ እንዲወጣ አድርጌ አስረዋለሁ።»

«አትቆጣት ልጄ» አሉ ባባ ኩዝዋዮ። «ቤቴ ከሠርጌ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም።»

ዓርብ ዕለት ጎቨንደር ጠራት። «ቋቱ ይቆያል» አላት። «አዲስ ብገዛም ጥፋቱን መጥቶ የሚነግረኝ ሰው አብሮ አይሸጥልኝም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ቋቱ ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ለዕድሜዋም የሚገባት ይኸው ነበር። ሰኞ ባባ ኩዝዋዮ ደወሉ።

«ማምቹኑ፣ የእናቴን ዕድሜ አስተካከልሽ?»

«አስተካክያለሁ ባባ።»

«እሷ ግን ተቀይማለች። የፊተኛው ይሻለኝ ነበር ትላለች።»

ዚቡዪሌ ስልኩን ሳትዘጋ እየሳቀች፣ የባልቴቲቱ ልደት በትክክለኛ ቦታው መሆኑን ደግማ አየች።