ፈረሰኛ የሌለበት ሳጥን

ባሌ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪሙ የሚነቅለውን እሱ ይተካል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ድድ ቅርጽ ላይ አጎንብሶ ይውላል። ቤት ሲገባ ደግሞ በዚያው ቀጭን ብሩሽ የጣት ቁመት ያላቸውን ወታደሮች ቀለም ይቀባል። በድሮ ዘመን የተዋጉ ሠራዊቶችን በትንሹ ሠርተው የሚሸጡ አሉ፤ እነሱን ገዝቶ፣ ቀብቶ፣ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ያዋጋል። ልጆቻችን "ማርሻሉ" ይሉታል። እኔ የምለውን እዚህ አልጽፈውም።

የሚዋጋው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነበር። ዋርሳዬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እጁ ለመሪ እንጂ ለብሩሽ አልተፈጠረም። ስለዚህ የሁለቱንም ሠራዊት የቀባው ባሌ ነው፤ ሰማያዊው የራሱ፣ ቀዩ የወንድሙ። እሑድ እሑድ ዋርሳዬ ቤት ይሄድና እንደ ሕፃን ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ደጉ ዘመን ያ ነበር።

ያጣላቸው አንድ ዳይስ ነው፤ በጨዋታው ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው የዳይስ ቁጥር ነው። ዋርሳዬ ቀይ ፈረሰኞቹን ለማዳን ሲወረውር ዳይሷ የካርቶኑን ኮረብታ ተደግፋ ጋደል ብላ ቆመች። የምታሳየው ስድስት ነው። "ይቆጠራል" አለ ታናሽ። "ጋደል ካለች ድጋሚ ትጣላለች" አለ ታላቅ። ድጋሚ ተጣለች፤ አንድ መጣ፤ ፈረሰኛው አለቀ። ዋርሳዬ በንዴት ፈረሰኞቹን በክንዱ ጠርጎ ከሲሚንቶው ጋር አላተማቸው፤ አንድም ደህና አልተረፈ። ባሌም ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሁለቱም የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ባሌ ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም። የታየው መፍትሔ፣ የተሰባበሩትን ፈረሰኞች ተክቶ፣ ቀብቶ፣ ይዞለት መሄድ ነው። እነዚያ ፈረሰኞች ግን መሠራት ካቆሙ ቆይተዋል። የቀረችው ተስፋ ወታደሮቹን የሚገዛበት ሱቅ ድንገቴ ሳጥን ናት፤ ባለሱቁ ያልተሸጠለትንና ከሰው የገዛውን አሮጌ ቀላቅሎ ያሽግና በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ከፍቶ ማየት የለ፣ መመለስ የለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ባሌ ገዛ፤ ዝሆን ወጣለት። ደግሞ ገዛ፤ ዘመናቸው ከእኛዎቹ ጋር የማይገናኝ ባለ ጋሻ እግረኞች ወጡ። ሌላው ሳጥን መድፍ ብቻ ነበር፤ ተኳሽ እንኳ የለውም።

"አንተ ሰውዬ፣ የወንድምህ ቤት ሁለት ፌርማታ እኮ ነው። ሂድና በሩን አንኳኳ።"

"ባዶ እጄን? ፈረሶቹን ላግኝ።"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ።"

"እኔ ቂም የለኝም፤ ፈረስ ነው የሌለኝ።"

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሳጥን አመጣ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቴፑን በቢላ ቀደደው። ወረቀቱን አንሥቶ ቀይ የለበሰ ከበሮ መቺ አወጣ። ገልብጦ አየው። ከጉልበቱ በታች እግሩ ሮዝ ነው። ድሮ ሲሰበር ባሌ ራሱ ሰው ሠራሽ ድድ በሚሠራበት ሮዝ ሊጥ ነበር የጠገነው፤ እንዲህ ያለ እግር ያለው ከበሮ መቺ ሌላ የትም የለም። ቀጥሎ ባንዲራ ያዡ ወጣ፣ ቀጥሎ እግረኛው ሁሉ። የወንድሙ ሠራዊት ነው። ባሌ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

እኔ ደሜ ፈላ። ስልኩን አንሥቼ ዋርሳዬ ዘንድ ደወልኩ።

"ሸጥካቸው?"

"ሸጥኳቸው፣ እትዬ" አለኝ ደከም ባለ ድምፅ። "ጠረጴዛውን ጥሎት እንደሄደ አስቀምጬለት ነበር። በየእሑዱ አቧራውን አራግፋለሁ። ካልመጣ ለማን ላስቀምጥ?"

"እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ላገናኝህ።"

"ተይው። ቤቴን ያውቀዋል።" ዘጋው።

ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። እሱ አላለቀሰም፤ ከበሮ መቺውን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ያየዋል። አሁን ይነሣል ብዬ ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ ያዝኩለት።

"ፈረሰኛ ግን የለበትም" አለ።

ኮቱን መልሼ ሰቀልኩት። ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ሌላ ሳጥን በብብቱ ይዞ ገባ።