ቆሜ የሰማሁት መርዶ

ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ "ጥን!" ሲል እስከ ዛሬ ጀርባዬን ይበርደኛል። ስለሚጠራ ስልክ አይደለም የምልህ። ጥሪማ ምን አለው፤ ደዋዩ "ሃሎ" ይላል፣ ደህንነትህን ይጠይቃል፣ ከድምፁ ነገሩን ትጠረጥራለህ። እኔ የምልህ ያቺን አጭሯን የመልእክት ድምፅ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ያ ሰልጣኝ የጎረቤቱን ለቅሶ ፎቶ አንስቶ ሲለጥፍ ደርሼበት ስጮኽበት፣ አንተ በር ላይ ቆመህ ሳቅህ። "እትዬ፣ ምን አጠፋ? መረጃ ነው እኮ ያደረሰው" አልከኝ። መረጃ! በል ተቀመጥ። አዲስ መምህር ነህ፣ ልጅ ነህ፣ አልቀየምህም። ግን ተቀምጠህ ስማኝ።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከወገዳ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ቁጡ ሰው ነበር። በሬው ላይ ይጮኻል፣ እናቴ ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ሲዘገይ ቀና ብሎ ሰማዩ ላይ ይጮኻል። ታዲያ አገሩ ለመርዶ የሚልከው ይህንኑ ሰው ነበር። ዘመድ ሞቶበት ገና ያልሰማ ሰው ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ይመክሩና "እሱ ይሂድ" ይላሉ። ለምን እሱን እንደሚመርጡ የገባኝ ልጅ ሳለሁ ነው፤ አንድ ማለዳ ቀስቅሶ "ተነሺ፣ ሕፃን የምትይዢልኝ አንቺ ነሽ" ብሎ ይዞኝ ሲሄድ።

የሄድነው ወንድሟ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ እዚያው ወደ ሞተባት ጎረቤታችን ቤት ነበር። አባቴ ነገሩን ከሰማ ሰንብቷል። እንዲያውም በገበያው ቀን ወገዳ ላይ አግኝቷታል፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። "ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና?" አለችው፤ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አላት፤ ተሰናበቱ። ማታ እራቱን ሳይነካ ተኛ። እስቴ ወረዳ ያሉት ዘመዶቿ ሳይደርሱ ሊነገራት አይገባም ነበርና ያን ሁሉ ቀን ሆዱ ውስጥ ይዞት ሰነበተ።

ማለዳው ውርጭ ነበር፤ ደጃፏ የበረትና የጭድ ሽታ ይሸታል። አባቴ ከመግባቱ በፊት ነጠላውን አስተካከለ፤ ጥለቱ እንደ ሐዘንተኛ እንዳይገለበጥ። ገባን፣ ተቀመጥን። "እስቲ ውኃ አጠጪኝ" አላት። በጣሳ አመጣችለት። ተቀበላትና ሳይጠጣ ያዘው። "ሕፃኑን ለዚች ስጪና አንቺም አረፍ በይ" አላት። ስትቀመጥ የእስቴዎቹ ዘመዶቿ ከግራም ከቀኝም ተጠጓት። ከዚያ አባቴ በማላውቀው ድምፅ፣ በቀስታ፣ ጥቂት ቃል ተናገረ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ራሷን ስትስት ፊቷ ላይ የረጨው ያንኑ የጣሳውን ውኃ ነው።

ስንመለስ "ካልጠጣኸው ውኃውን ለምን ጠየቅካት?" አልኩት።

"ሰው ቆሞ መርዶ አይሰማም" አለኝ። "ብቻውንም አይሰማም። ውኃም ቅርብ መሆን አለበት።" ትንሽ ሄደና ዞሮ "የሰው ጤፍ ውስጥ አትርገጪ!" ብሎ ጮኸብኝ። ተመልሶ ራሱን ሆነ።

ዓመታት አለፉና እኔ ንፋስ መውጫ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ፤ አይሲቲ ልማር። አየህ፣ በሰፈራችን ኮምፒውተር የነካሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፤ ኩራቴ አይጣል ነው። አባቴ "ትምህርቷ በእሱ ነው አሉ" ብሎ እያጉረመረመ ያን ንክኪ ስልክ ገዛልኝ። እሱ ራሱ ግን ስልክ ላይ ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ነበር የሚጮኸው። "ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን! በቃ!" ይልና ይዘጋዋል። "አባዬ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" ብለው፣ "ስልክ ለደህና ነው። ለሌላው እግር አለን" አለኝ። ሳቅኩበት። እኔ የተማርኩት ሌላ ነበርና! መምህራችን ሰሌዳው ላይ "ዓለም አንድ መንደር ሆናለች" ብሎ ጽፎልን፣ ሁላችንም አጎንብሰን ገልብጠናል።

ቀኑ ኅዳር ውስጥ ነበር፤ አገር ቤት የውቂያ ሰሞን። ከክፍል ወጥቼ ግቢው በር አጠገብ፣ ኔትወርክ ደህና የሚሆንበት ቦታ ቆሜያለሁ። የንፋስ መውጫን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ ባሕር ዛፉን ያንጫጫዋል፣ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ የግንቡን አናት ብቻ ይዛለች። ስልኬ "ጥን!" አለ። ታግ ተደርጌያለሁ። ፈገግ ብዬ ከፈትኩት፤ የጓደኛ ፎቶ መስሎኝ።

ቃሬዛ ነው። ቃሬዛ፣ የቄሶች ጃንጥላ፣ የማውቀው የደብራችን አጥር። ከዳር አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ከላዩ የአባቴ ስም ከነአባቱ ተጽፎ "ዛሬ ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ፣ ነፍስ ይማር" ይላል። ከጎኑ የእኔ ስም፤ እንዳላመልጥ።

ቆሜ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ውኃ የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም።

ደግሞ ከሥሩ ያለው! የሚያለቅስ ፊት የደረደረ አለ። "ማን ናቸው?" ብሎ የጠየቀ አለ። አንዱማ "ፎቶው ያምራል፣ በየትኛው ስልክ ነው ያነሣኸው?" ይላል። በአባቴ ቃሬዛ ላይ! ላይክ ያደረጉትን ሳይ ከነሱ ውስጥ ግማሾቹ የክፍሌ ልጆች ነበሩ። ቀና ስል በግቢው በር የሚወጡት ሁሉ አንገታቸውን ሰብረው ያልፉኛል። ያውቃሉ። ከእኔ በፊት ያውቃሉ። እናቴ ሆድ ውስጥ ያለው ሐዘን ሳይደርሰኝ፣ የማላውቀው ሰው አውራ ጣት ደረሰኝ።

አብራኝ የተከራየችው ልጅ ደግፋ ቤት አስገባችኝ። "ለቤተሰብሽ እንደውልና አሁኑኑ እንሳፈር" አለችኝ። እኔ ግን ያ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ፣ አንድ ነገር ታየኝ። አገሬን አውቃለሁ። ቀብር እንዳለቀ ለእኔ ሰው ይላካል። የሚላከው ሰው ደግሞ ቃሬዛው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የሚመጡት አጎቴ ናቸው፤ ሌላ ማን አለ? መርዶ ነግረው የማያውቁ፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው። "አትደውዪ" አልኳት። "መጥተው ይንገሩኝ።"

ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ ተወው። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው ያደርኩት፤ አከራያችን እንዳትሰማ።

ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አጎቴና አክስቴ ናቸው። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍረው አርብ ገበያ አድረው፣ ከዚያም በሌሊት በውርጩ ተነሥተው ነው የመጡት። ፀጉራቸው ላይ አቧራው ተጋግሯል። ነጠላቸውን አየሁት፤ ጥለቱ በሥርዓቱ ወርዷል። በር ላይ ቆመው አስተካክለውት ነው። የአጎቴ ዓይን አብጧል። "ምነው አጎቴ ዓይንዎ?" አልኩ፤ አለመጠየቅ አይሆንማ። "ነፋሱ ነው፣ ልጄ። ይህ አገራችሁ ነፋስ ብቻ" አሉኝ። ሊስቁም ሞከሩ።

ተቀመጡ። ቤቷን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ "እስቲ ውኃ ስጪኝ፣ ልጄ" አሉ።

ምን ልበልህ። ቀድቼ ሰጠኋቸው። ሳይጠጡ ያዙት። ውኃው ጉልበታቸው ላይ ይፈስሳል። "አረፍ በይ" አሉኝ። እኔ ቆሜያለሁ። "አጎቴ፣ ሰምቻለሁ" ብላቸው በአንድ ቃል እገላግላቸው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቷል። ግን ይህ ሁሉ መንገድ፣ ይህ ሁሉ አቧራ፣ ያ የተስተካከለ ጥለት ቆሜ እንዳልሰማ ነው! በእነሱ ፊት "ቀደሟችሁ፣ በከንቱ መጣችሁ" ማለት አቃተኝ። ተቀመጥኩ። አክስቴ ተጠጋችኝ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ በዚያ በኩል ተጠጋችኝ።

"ልጄ" አሉ አጎቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዛሬ እኔ የመጣሁት እሱ መምጣት ስላልቻለ ነው።"

ጮኽኩ። የማስመሰል አልነበረም፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። በስልክ ያየሁት አንድ ክፉ ነገር ነበር። አባቴ የሞተብኝ ግን ያን ጊዜ ነው፤ ሰው ይዞኝ፣ ውኃው ፊቴ ላይ ሲረጭ።

ቤት ደረስን። ለቅሶው ላይ፣ ዳሱ ውስጥ አጎቴ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ያ ልጅ መጣ፤ የለጠፈው። ወገዳ ላይ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ ነው፣ አብረን ተምረናል። ጎንበስ ብሎ ሳመኝና ስልኩን ያወጣል! "አየሽው አይደል? ቀድሜ ለቅሶ የደረስኩሽ እኔ ነኝ። ስንት ሰው ነፍስ ይማር እንዳለልሽ…"

አጎቴ ክንዴ አጠገብ ናቸው። ጆሯቸው ደህና ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያን ስልክ ከእጁ ነጥቄ እወረውረው ነበር፤ የአባቴ ልጅ ነኛ! አሁን ግን እጁን ጨብጬ እስኪያመው ድረስ ያዝኩትና "እግዜር ይስጥልኝ፤ ና ውኃ አቀብለኝ" ብዬ ከዳሱ አወጣሁት። ከጭድ ክምሩ ጀርባ ወስጄ "አጥፋው" አልኩት።

"ምን?"

"ያን ፎቶ። አሁን፣ እያየሁህ።"

"ይሄ ሁሉ ሰው ላይክ ያደረገውን?" አለኝ። በእውነት ነው የምልህ፣ ደንግጦ ነው የጠየቀኝ። "እንዲያውም ታግ ያደረግኩሽ ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ነው። ክፋት አስቤ አይደለም እኮ!"

"አውቃለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! ክፋትማ ቢሆን እረግምህ ነበር። አጎቴ ይህን ካዩ ግን መቼም አልምርህም" አልኩት። አጎቴ ቀድሜ መስማቴን እንዳያውቁ ብዬ መሆኑ አልገባውም። ቢሆንም እያቅማማ አጠፋው። የጮኽኩት በሹክሹክታ ነው። ስንት ዓመት ሆነው፤ ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ዛሬ ያ ምስኪን ሰልጣኝ ላይ የወጣው እሱ ነው፤ ነገ ጠርቼ ይቅርታ ሳልጠይቀው አልቀርም።

ግን አሁንም ያቺን ሰሌዳ ላይ የተጻፈች ነገር ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዓለም አንድ መንደር ሆናለች? ምን ዓይነት መንደር! መንደርማ ቢሆን ማን ሐዘንተኛ እንደሆነ ይታወቅ ነበር፣ ማን እንደሚላክ ይመከር ነበር፣ የእስቴ ዘመድ ይጠበቅ ነበር። እኔም ይህንኑ ሙያ ነው የማስተምረው፣ በዚሁ ነው የምበላው፣ ስልክ አልጠላም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፦ መላኩን በአንድ ቀን ታስተምራቸዋለህ። ከመላክ በፊት ያ ሰው ቆሟል ወይስ ተቀምጧል ብሎ መጠየቅን ማን ያስተምራቸው? አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ። "መረጃ ነው" ብለህ ስትስቅ የተናደድኩት ለዚህ ነው።

ወደ ትምህርቴ ስመለስ አጎቴ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ወገዳ ላይ ጭነቱ እስኪሞላ በጠዋቱ ፀሐይ ግንብ ተደግፈን ቆምን። የተፈጨ በርበሬ ይሸታል፤ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይደነፋል። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት… ደህና አድርጌ ነገርኩሽ? እኔ አልችልበትም። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ውኃውም ፈሰሰብኝ።"

"ልክ እንደ አባቴ ነው የነገሩኝ፣ አጎቴ" አልኳቸው።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ዓይናቸውን ጠረጉበት።

"ተመስገን" አሉ። "እሱን እንዳላሳፍረው ነበር የፈራሁት።"