ነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት ስልክ

የተቃጠለ የብየዳ ሙጫ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። የቀለጠው እርሳስ ጠብ ሲል ትስስ ይላል፤ ከዚያ ቀጭን ጢስ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ይወጣል። እኔ በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዬን እየረገጥሁ፣ እሱ በበሩ በኩል ሬዲዮ ገልብጦ ሆዱን እየበረበረ፣ አንዲት ክፍል ተጋርተን ሃያ ሁለት ዓመት ሠራን።

ሰፈሩ ጋሽ ሬዲዮ ይለው ነበር። ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ጠፍቶ ጠረጴዛው በስልክ ከተሞላ በኋላም ስሙ አልተለወጠም። «ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው» ይል ነበር ሲጠይቁት። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ነገሩን ሁሉ በዝግታ የሚያደርግ ሰው ነበር። ሚስቱን በወጣትነቱ ቀብሮ ሌላ አላገባም። እቤት ወጣሁ ገባሁ የሚለው ሰው ስላልነበረው ይመስለኛል፣ ለእኔ ይናገር ነበር። ውኃ ሊቀዳም ቢሆን፣ ፊቱን ሊታጠብም ቢሆን፣ «መጣሁ» ሳይል እግሩ የበሩን ደፍ አያልፍም።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ጠየቀህ?» እለዋለሁ።

«አንተ መርፌ፣ ሳልናገር የወጣሁ ቀን እንዳትጠብቀኝ።»

ከሥራው ሁሉ የሚፈራው አንዱን ነበር። የመክፈቻ ቁጥሩን የረሳ ወይም ስልኩን ሊሸጥ ያሰበ ሰው «ሪሴት አድርግልኝ» ብሎ ይመጣል። ድምፅ መጨመሪያውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ፣ ከሚመጣው ዝርዝር አንዱን መምረጥ፣ በቃ። ስልኩ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሆናል፤ ፎቶው፣ መልእክቱ፣ የወዳጅ የዘመዱ ቁጥር ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ጋሽ ሬዲዮ የስልኩን ባለቤት ፊቱ አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል።

«ይጥፋ?»

«ይጥፋ።»

«የልጆችህ ፎቶስ?»

«ኧረ ይጥፋ አልሁህ፣ ጋሼ! ልታጋባኝ ነው እንዴ?»

ሦስተኛውን መልስ ሲሰማ፣ ከቁስል ማሸጊያው ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጥፋል። ፕላስተር ያለበት ይደመሰሳል፤ የሌለበት አይነካም። ሌላ መዝገብ አልነበረውም። አንድ ቀን አገላብጬ የሰፋሁትን እጅጌ ስተረትር አይቶኝ፣ «አይ መታደል! ያንተ ስህተት ይተረተራል» አለኝ። ተሳሳቅን።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሲያልቅ፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥቡ አንዲት እናት መጡ። የእጃቸው ቆዳ በሳሙና ብዛት ነጥቶ ተጨማድዷል። በመሐረብ የጠቀለሉትን ስልክ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ግንበኛ ልጃቸው ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞቷል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ሥራ ላይ ሲያንጎራጉር ራሱን ይቀዳ ነበር» አሉ። «መክፈቻውን እህቱ ታውቀዋለች፤ ግን ቢነኩት አይሰማም። ሌላ አልጠይቅህም ወንድሜ፣ ድምፁን ብቻ አሰማኝ።»

ጋሽ ሬዲዮ ማጉያ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው። «እትዬ፣ ውስጡ ደኅና ነው። መስተዋቱን ብቻ ነው የምቀይረው። ዕቃው በአራት ቀን ይደርሳል፤ በአምስተኛው ይምጡ።»

«ምንም አይጠፋም?»

«ምንም።»

በሦስተኛው ቀን እሱ «መጣሁ» ብሎ ወደ ዕቃ አከፋፋዩ ሄዶ ሳለ ሴትዮዋ ብቅ አሉ። አላስችል ብሏቸው ነው። «ልየው ብቻ፣ ልጄ» አሉኝ። ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጀርባውን እንደ ሕፃን ጀርባ ሲያሻሹት የተሰነጠቀው ጠርዝ አውራ ጣታቸውን ቆረጣቸው። እኔም ከጋሽ ሬዲዮ ጠረጴዛ ፕላስተሩን አንሥቼ አሰርሁላቸው።

«ለሱም አድርግለት» አሉኝ ስልኩን እያሳዩ። «ሌላ ሰው እንዳይቆርጥ።»

ቆርጬ ለጠፍሁለት። ያ ፕላስተር ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያች ደቂቃ ግን የታየኝ የሴትዮዋ ደም ብቻ ነው። ስልኩን ወደ መሳቢያው መለስሁት፤ ለጋሽ ሬዲዮም አልነገርሁትም።

በማግሥቱ ዕቃው መጣ። መልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ስልኮች መስተዋት ይጠብቁ ነበርና ለሦስቱም በተራ ገጠመላቸው፤ ከዚያ በግንባራቸው ደፍቶ ደረደራቸው። ሁለቱ ፕላስተር ነበረባቸው። ፕላስተር ካለ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ ማለት ነው ብሎ ያምናል፤ በዚያ ነገር ራሱን ተጠራጥሮ አያውቅም። ሁለቱንም ቁልፎቻቸውን ተጭኖ ያዘ።

ሁለተኛው ስልክ በርቶ፣ ምን ቋንቋ ትመርጣለህ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ሬዲዮ የቀረውን ሦስተኛውን አየ። ፕላስተር የለበትም፤ ጀርባውም ስንጥቅ የለበትም። በእጁ ያለውን ገልብጦ ፕላስተሩን ላጠው። ከሥሩ ስንጥቁና የደረቀ የደም ጭረት ታየ።

«ይኼን ማን ለጠፈው?»

«እኔ» አልሁት፤ ነገርሁት።

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ማታ ድረስ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ እንዳለ ሲፈልግ ዋለ፤ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሲወድቅ ነው የተበላሸው በላቸው» አልሁት። «ማን ሊያውቅ?»

«ሞቶ እንኳ በልጁ ይመካኝ?» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ሴትዮዋ ታጥበው፣ የተተኮሰ ልብስ ለብሰው፣ የመክፈቻውን ቁጥር በወረቀት ይዘው መጡ። ጋሽ ሬዲዮ ወንበር አቀረበላቸው።

«እትዬ፣ ደመሰስሁት። ድምፁንም ሁሉንም። የኔ እጅ ነው።»

አፌን ስከፍት መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ። ዘጋሁት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አዩት። «ታዲያ ይኼ ቁጥር?»

«አሁን ምንም አይጠይቅም፣ እትዬ።»

ስልኩን አንሥተው ነካ አደረጉት። በራ። አዲሱ መስተዋት ላይ ፊታቸው ታየ። አውራ ጣታቸው ላይ እኔ ያሰርሁት ፕላስተር ጠርዙ ጠቁሮ አሁንም አለ።

«አራት ሌሊት ተኝቼ ነበር እኮ» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ልጄ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ያየሁት እነዚህን አራት ሌሊት ነው። ምንም አይጠፋም ስላልኸኝ።»

ጋሽ ሬዲዮ ማጉያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የመበየጃውን ሶኬት ነቀለ። ጫፉ ላይ የቀረችው ሙጫ ገና ትጨስ ነበር። ተነሣ፤ በሴትዮዋ ወንበር ጀርባ በዝግታ ዞረ፤ እኔንም አላየኝም። በሩ ጋ ሲደርስ ጆሮዬን አቀናሁ።

ደፉን አለፈ። «መጣሁ» አላለም።