የጋሽ ዲባ ክኒን

የነጌሌው የከብት ደላላ ጋሽ ዲባ ሰው እያየ ለብቻ መብላትን ከስርቆት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ጤና ጣቢያው የሳምንት ክኒን ቢሰጣቸው፣ በሦስተኛው ቀን ባዶ ማሸጊያውን ይዘው ከች አሉ።

«ሁሉንም ዋጡት?» አለች ነርስ ኢቢሴ ደንግጣ።

«ኧረ ልጄ! አብረውኝ ወተት የሚጠጡ ሁለት ወዳጆቼ ቁጭ ብለው እያዩኝ ለብቻዬ ልዋጥ? ለሦስት ተካፈልነዋ!»

ኢቢሴ ራሷን ያዘች። «ከነገ ጀምሮ እዚሁ ፊቴ ነው የሚውጡት! ወዳጆችዎንም ይዘው ይምጡ!»

በማግስቱ ሦስቱም መጡ። የወዳጆቻቸው አክታ ሲመረመር ሁለቱም ላይ በሽታው ተገኘ።

ጋሽ ዲባ አንገታቸውን ደፉ። «ወይ ጉድ! ክኒኑን ከማካፈሌ በፊት ለካ ሳሉን አካፍያቸው ኖሯል።»