የአማቴ ጉልባንና የኮረንቲው ድስት

ቤታችን ያለው የኮረንቲ ድስት ትልቅ ነው። ትልቅ ስል ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ወይፈን ከነቀንዱ ገብቶ ጎኑን እየቀየረ ይተኛበታል። ክዳኑን ጠምዝዘህ ትቆልፈዋለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ድንጋይ ብትሰጠው ገንፎ አድርጎ ይመልስልሃል። ሲጨርስ የሚያፏጨው ፉጨት እዚህ ሱዳን ከገዳሪፍ ተነሥቶ ዶካ ከተማ ይደርሳል፤ አውቶቡስ ሊሄድብን ነው ብለው ሻንጣ ያነሡ ሰዎች አሉ ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

እኔ ትራክተር ጠጋኝ ነኝ። በሰሊጥ ወቅት ፋሽጋ እወርዳለሁ፣ ሌላውን ጊዜ ገዳሪፍ ውስጥ ከግሪስ ጋር እየታሸሁ እውላለሁ። ድስቱን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ በመሆኔ ባለሥልጣኑም እኔ ነበርሁ። ከህረባ በመጣ ቁጥር (እዚህ መብራትን የሚሉት እንዲህ ነው፤ እንደ ሀብታም ዘመድ ነው፣ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው) ባለቤቴ ባቄላውንም ድንቹንም ትጥድበታለች። በቅበላ ሰሞን ደግሞ የበሬ ቅልጥም አበሰልንበትና ሥጋው ገና ስናየው ከአጥንቱ ወረደ።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የመተማ ቆላ ሰው ናቸው። በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ከእኔ ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ነው። ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። ዐቢይ ጾምን እንጀራ በሽሮ እያራሱ ይገፉታል፣ እሱስ ይሁን። የሚያንገበግባቸው ጉልባን ነው። የጸሎተ ሐሙስ ለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም የተቀቀለውን ስንዴና ባቄላ ሲያላምጥ፣ እሳቸው አንዲት ፍሬ ለበረከት ይወስዱና አፋቸው ውስጥ እንደ ከረሜላ ሲያመላልሷት ያመሻሉ። አምና ሳህኑን ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት።

“ከእንግዲህ ጉልባን ለእኔ የሚታይ እንጂ የሚበላ አይደለም” አሉ።

ቀልዴን ትቼ ሳህኑን ተቀበልኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር በኔ ደርሶ አያውቅም።

ዘንድሮ ታዲያ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ደረቴን ነፍቼ አወጅሁ፦ ጉልባኑን በኮረንቲው ድስት አበስላለሁ፣ እማማም እንደ ጎረምሳ ይበላሉ። እሳቸው ግን ድስቱ ሥጋ የበላ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔ በአመድ ፈተግሁት፣ በሳሙና ደገምሁት፣ ውኃ አፈላሁበት፤ በመጨረሻ ጢም የሚላጩበት መስታወት ሆነ። አማቴ መጥተው ሆዱን አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጎማ በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት።

“ድስቱስ ንስሐ ገብቷል” አሉ፣ “ከንፈሩ ግን ገና ቅበላ ላይ ነው።”

አሸተትሁት። እውነታቸውን ነው፤ ያ ጎማ እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት የሰማውን አይረሳም። ቅልጥሙ ከነቅመሙ እዚያው ተቀምጧል።

ለመካኒክ ጎማ ምኑ ነው? ከአሮጌ የትራክተር ከመነዳሪ ልኩን ቆርጬ አስገባሁና ለሙከራ ምስር ጣድሁ። እንፋሎቱ በየቀዳዳው ሾለከ፣ ቤቱ በመንገድ ላይ የፈነዳ ጎማ ሸተተ። ባለቤቴ አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ ይህ ምስር ቤንዚን ቢያገኝ መሬት ያርሳል አለች። አማቴ ካልጋቸው ላይ ሆነው ፈረዱ፦

“ጾምስ ጾም ነው። ትራክተሩ ይብላው።”

ረቡዕ ለት ገበያውን አካለልሁት። አዲስ ድስት ሞልቷል፣ ጎማ ብቻውን የሚሸጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ሱዳናዊ ባለሱቅ ለልክ የያዝሁትን አይቶ ደህናውን ጎማ ለምን እንደምጥል ጠየቀኝ። በዚያ ሰባራ ዐረብኛዬ አማቴን፣ ጾሙን፣ ቅልጥሙንና ጥርሱን አንድ ላይ አቡክቼ ነገርሁት። ሳይስቅ ሰማኝ። ከመደርደሪያው ሥር ሳይሠራበት ኮረንቲው የተቃጠለ የእኛኑ ዓይነት ድስት አወጣ፤ ጎማው ገና እህል አላየም። ነቅሎ ሰጠኝና እናትየዋ ስትጸልይ እኔንም ታስበኝ አለ።

ሐሙስ ከህረባ ቀኑን ሙሉ ጠፋ። ባለቤቴ በየደቂቃው ታየኛለች፤ እኔ ይመጣል እላለሁ፣ የመብራት ኃላፊው ወንድሜ ይመስል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አምፖሉ በራ። ተዘፍዝፎ የዋለው ስንዴና የባቄላ ክክ ገባ፣ ክዳኑ ተቆለፈ፣ ዶካዎች ሻንጣቸውን አነሡ።

አማቴ መጀመሪያ ጎማውን አሸተቱ። ከዚያ አማትበው አንድ ማንኪያ ወሰዱ። ድዳቸው ሲሠራ አየሁት፤ ፍሬው ፈርሶ ወረደ። ሁለተኛውን ወሰዱ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማቴ ሳህኑን ጠርገው ሲያበቁ ወደ እኔ ገፉት፣ እኔም ሞላሁላቸው። እንዲያ ያለ ኩራት ዐሥር ትራክተር ባንድ ቀን ባስነሣም አይሰማኝም።

ከጠገቡ በኋላ የባለሱቁን ስም ጠየቁኝ። አልጠየቅሁትም ነበር፤ እግዜር ያውቀዋል ብለው ጸለዩለት። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ይህ ድስት ከእንግዲህ የጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ። ሥጋህን ሌላ ማብሰያ ፈልግለት።”

እንድታማልደኝ ባለቤቴን አየኋት። ሳቋን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከፋሲካ ማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ከሰል ምድጃ ፊት ቁጢጥ ብዬ ቅልጥም ሳራግብ ዋልሁ። ያ ቅልጥም እስከ ዳግማይ ትንሣኤም የሚበስል አልመስል አለኝ። አማቴ በር ላይ ተቀምጠው ከጎረቤት ጋር ይጫወታሉ፣ በየመሐሉ ወደ እኔ እያዩ፦

“በርታ ልጄ፣ እሳቱ ሊተኛብህ ነው።”