የጎምላሌ ጾም

እታገኘሁ ዓይኗን ገልጣ የምታልም ሴት ነበረች። አራዳ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ካለችው አንድ ክፍል ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ስትጠልፍ፣ እጇ መስቀሉን እየሠራ ልቧ ሌላ አገር ይዞራል። ደንበኞቿ ይህን አመሏን ለምደውታል። ሁለት ሦስቴ ይጠሯትና ካልሰማች ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዳሉ። ጥልፏ ግን አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ሰው እያለመ እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚሠራ ከሆነ፣ ነቅተናል የምንለው ሰዎች ምን ስንሠራ እንደምንውል እንጃ።

ልቧ የሚዞርበት አገር ሰሜን ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ታከለ የዘመተበት። እናትና አባታቸው በጊዜ ስላለፉ ያሳደገችው እሷ ናት። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ ከሚሊሻው ጋር ተጭኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮኸም። ሞተ የሚላት የለም፣ አለ የሚላትም የለም። ሲሄድ የተወላት ውሻውን ነው። እንፍራንዝ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ቡችላውን በቦርሳው ከትቶ በማኪና ያመጣው፣ ጎምላሌ ብሎ ስም ያወጣለትም ታከለ ነበር። «እስክመለስ አደራ» አላት፣ የወለደውን ልጅ የሚሰጥ ይመስል።

በሄደ በዓመቱ ጾመ ነነዌ ገባ። እታገኘሁ ቤተ ክርስቲያን ቆማ የዮናስን ታሪክ ስትሰማ፣ የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው ሲጾሙ ከብቶቻቸውም አብረው ጾሙ፣ እግዚአብሔርም ራራላቸው የሚለው ላይ ንባቡ ደረሰ። ስንት ዓመት ሰምታው ልብ አላለችውም ነበር። ያን ቀን ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ታከለን መልስልኝ እንጂ፣ በቤቴ ነፍስ ያለው ሁሉ ሁዳዴን ይጾምልሃል» ብላ ተሳለች። በቤቷ ነፍስ ያለው እሷና ጎምላሌ ነበሩ።

እንግዲህ ጎምላሌ ጿሚ ሆነ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ወተት የለ፣ አጥንት የለ፤ የሚቀርብለት እንጀራ በሽሮ ነው፣ እሱም ከቅዳሴ መውጫ በኋላ። ጎረቤቱ ሳቀ። ከሁሉ የሳቁት አጥር የሚጋሯት ሽማግሌ አያ በላቸው ናቸው። «ይኸ ውሻ ከኔ ቀድሞ ይጸድቃል» ይሉ ነበር። እሷ አትቀየማቸውም። ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ፤ ታከለ ግን አልመጣም።

አንድ ቀን አያ በላቸው ለጨዋታ ብለው አንድ ነገር አነሱ። «የአምናውን ሁዳዴ ሳልነግርሽ። ጎምላሌሽን አዲስ ዓለም፣ ከእስላም ሥጋ ቤት ደጃፍ አየሁት። ይኸን የሚያህል አጥንት ይዞ፣ እኔን ሲያይ እንደሌባ ዞር አለ» አሉና ሳቁ።

እታገኘሁ አልሳቀችም። ለካ ታከለ ያልመጣው ለዚህ ነው! እሷ ስትጾም ውሻው እየገደፈ፣ ስለቷ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ኖሯል። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ጎምላሌን በገመድ አሰረችው።

ጎምላሌ ዕድሜው ገፍቷል። ወሩ ሳይጋመስ ጎድኑ ተቆጠረ፤ ጠጉሩም በመዳፍ ሲነካ ይነቀል ጀመር። ከሰሜን በደባርቅ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ማታ ሲያጓራ ድሮ እስከ መንገዱ ሮጦ ነበር የሚቀበለው፤ አሁን ገመዱ እስከሚፈቅድለት ብቻ ሄዶ ይቆማል። እታገኘሁም እያየችው ታልማለች። በሕልሟ ጭጋግ ውስጥ ወታደር የጫኑ ማኪናዎች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። የትኛው ጀርባ የታከለ እንደሆነ ለመለየት ስትጣጣር ትነቃለች። «ቀርቧል፤ ጥቂት ቻል» ትለዋለች ውሻውን።

በዚህ መካከል የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ከእርሻ ቢሮ የመጣች መንበረ የምትባል ወጣት፣ አንድ ጆንያ አኩሪ አተር አስከፍታ ስለ አበሳሰሉ ታስተምራለች። እታገኘሁ እንደልማዷ አልነበረችም፤ ማለት አካሏ ብቻ ነው የነበረው። «በጾም ወራት ሥጋን ይተካል» የሚለው ቃል ግን ከሄደችበት መለሳት። እጇን አወጣች።

«ውሻስ ቢበላው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መንበረ ግን ቁምነገር አድርጋ መለሰችላት። «ይበላዋል፣ እትዬ። ብቻ ጥሬውን ወይም ግማሽ የበሰለውን እንዳይሰጡት፤ እንኳን የውሻ የሰውም ሆድ አይችለው። አሳድረው ይዘፍዝፉት፣ ውኃውን ይድፉት፣ ከዚያ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቅሉት። ጨውና ሽንኩርት አይንካው። ከለመደው ምግብ ጋር እፍኝ ቢሆነው ይበቃል፤ ካሳከከው ወይም ካስቀመጠው ደግሞ ይተዉት። ብቻውን ግን ምግብ አይሆነውም። ውሻ መቼም ሥጋ ሳያገኝ አይጠናም።»

እታገኘሁ የመጨረሻውን አልሰማችም። ልቧ ቤቷ ገብቶ ከሰል ማያያዝ ጀምሮ ነበር። ለእሷ ነገሩ አበቃ፤ ጾሙም ሳይፈርስ፣ ጎምላሌም ሳይሞት፣ ታከለ የሚመጣበት መንገድ ተገኝቷል። በመንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እየሳመች ነው የሄደችው።

አሳድራ መዘፍዘፍ ነበረባት። ረፋድ ላይ ዘፍዝፋ በምሳ ሰዓት ጣደችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እታገኘሁ ግን የቸኮለችው ተቀምጣ ነው። ማሰሮው ሲንተከተክ ታከለ በር ላይ ቆሞ ሲስቅ ታያት፤ ሲስቅ ጉንጩ ላይ የሚሰረጉዱት ጉድጓዶች ሳይቀሩ። ከሕልሟ ስትመለስ ፍሬው ወዝቶ፣ አብጦ፣ የአተር ንፍሮ መስሏል። በጣቷ አልተጫነችውም። ውኃውን አጠንፍፋ ጣሳ ሙሉ አቀረበችለት። ጎምላሌ ጣሳውን ልሶ ጨረሰው፤ እሷም ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትዘፍን ተሰማች።

ጀምበር ሲያዘቀዝቅ የውሻው ሆድ ከበሮ አከለ። ጋደም ይላል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይወድቃል፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም። ጩኸቷን ሰምተው አያ በላቸው በአጥሩ ዘለቁ። ሆዱን ዳበሱት፣ ከማሰሮው አንድ ፍሬ አንሥተው ነከሱና ተፉት።

«ምነው እታለም፣ ይኸማ ጥሬ ነው። ጥርሴን ሊያረግፈው። ውኃ አቅርቢለትና አታጨናንቂው፤ ከተረፈ ይተርፋል» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎምላሌን አይተው አልሳቁም።

የነፍስ አባቷ አባ ሐብተ ማርያም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግርግሩን አይተው ጎራ አሉ። አያ በላቸው የስለቱን ነገር አንድ ባንድ ነገሯቸው። አባ ሐብተ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ውሻውን ብዙ አዩት።

«ነነዌ ሦስት ቀን ነው፣ ልጄ። አንቺ ለዚህ ፍጥረት ሁለት ወር አደረግሽበት።»

«ስለቴ ነው፣ አባ።»

«የተሳልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ ምን አፍ አለውና ይሳላል? ነይ ልፍታሽ።»

«አይፍቱኝ» አለችና ወደኋላ ሸሸች። «ጾሙ ካለ ታከለ አለ፣ አባ። ጾሙ ከቀረማ…»

አባ ሐብተ ማርያም ከዚህ በላይ አልተጫኗትም። «እንግዲያስ ስትችዪ ነይ» ብለው ባርከዋት ሄዱ።

እታገኘሁ መሬት ላይ ከጎምላሌ አጠገብ ተቀመጠች። የደባርቁ አውቶቡስ አቀበቱን እያጓራ ሲወጣ ተሰማ። ጎምላሌ ጆሮውን አቆመ። ሊነሣ የፊት እግሮቹን ዘረጋ፤ ሆዱ አላስነሣው አለ። እንደገና ሞከረ። አውቶቡሱ አልፎ ሄደ፣ እሱም አገጩን መሬት ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ አለቀሰ። ያኔ ነው እታገኘሁ የነቃችው። ይህ ውሻ የሚጠብቀው ሰው እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ከታወቃትም ቆይቷል። ታከለን ከሞት ላስጥል ብላ ያሰረችው ይህን ውሻ ነበር፤ የቀራትን አንድ አደራ በገዛ እጇ ልትገድል። አፈረች፤ ከእፍረቱም ይልቅ ሐዘኑ በረታባት፣ አንገቱ ላይ ተደፍታ ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ገመዱን ፈታችለት።

ነፋሱ ሌሊቱን ወጣለት፤ እንዴት እንደወጣ መናገር ነውር ነው። ሲነጋ ሆዱ ጎድሎ፣ ውኃ ጠጥቶ ጅራቱን አንዴ ነቀነቀ። እታገኘሁ የተረፈውን አኩሪ አተር ትኩስ ውኃ አፍስሳበት እንደገና ጣደችው፤ አሁን ማሰሮው አጠገብ ተቀምጣ፣ በጣቷ እየተጫነች፣ እስኪፈርስ። አተሩን ግን ለሌላ ቀን አቆየችው። ለጎምላሌ ከሆነ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር እንዳለ መንበረ ስትናገር ጆሮዋ ይዞት ኖሮ፣ አሁን ገና ልቧ ደረሰ።

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። «አባ፣ ይፍቱኝ» አለች፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ከዚያ አዲስ ዓለም ወረደች። በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥጋ በወረቀት ጠቅልላ አራዳን አቋርጣ ስትመለስ የሚያውቃት ሁሉ ቆሞ አያት። ይበልጥ ያስቆማቸው ግን አለባበሷ ነበር፤ ነጠላዋን ለልቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳለች።

አያ በላቸው ከደጃፋቸው ተነሡ።

«እታለም፣ ምነው? ማን ሞተ?»

«ታከለ» አለች። ከዚያ ሥጋውን ለጎምላሌ ቆራርሳ ሰጠችው።

አያ በላቸው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው መጥተው፣ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ።